ስድስቱን ስሞች በድንጋይ የጻፉት የአስር አለቃ ክፍሉ ወልደ ማርያም የሕይወት ታሪክ

አስር አለቃ ክፍሉ ወልደ ማርያም ከአባታቸው ከአቶ ወልደ ማርያም ጎበና እና ከእናታቸው ከወይዘሮ በለጠች አየለ የካቲት 3 ቀን 1938 ዓ.ም. በድሬ ዳዋ ከተማ፣ በሐዲዱ ዳር ባለው የሠራተኞች ሰፈር ተወለዱ። የተወለዱት ረፋድ ላይ ነው። አባታቸው የሐዲድ ጠባቂ ስለነበሩ በዚያ ሰዓት ቀይና አረንጓዴ ባንዲራቸውን ይዘው መታጠፊያው ላይ ቆመው ነበር። ያዋለዷቸው ጎረቤታቸው ወይዘሮ ይርገዱ ምሥራቹን ሊያደርሱ ከግቢ ወጡ። ድምፃቸው እንደማይደርስ ሲያውቁ ሻሻቸውን ከራሳቸው ላይ ፈትተው አውለበለቡ። ሻሹ ቀይ ነበር። አቶ ወልደ ማርያም ቀይ ሲያዩ የተማሩትን አደረጉ፤ ባንዲራቸውን ዘርግተው ከጅቡቲ የሚመጣውን የዕቃ ባቡር አስቆሙት።

ነጂው አንገቱን አውጥቶ «ምን ተበላሸ?» ብሎ ጮኸ።

አቶ ወልደ ማርያምም ወደ ወይዘሮ ይርገዱ ዞረው «ምን ተበላሸ?» አሉ።

«ምን ይበላሻል፣ ጋሼ ወልዴ! ወንድ ልጅ ነው እንጂ!»

ለዚህ ጥፋት ሦስት ቀን ከሥራ ታገዱ። ሦስቱንም ቀን ሕፃኑን ታቅፈው ዋሉ። ሰፈሩም ልጁን «ባቡር አስቁሞ የመጣ» እያለ አሳደገው።

አስር አለቃ ክፍሉ ፊደል የቆጠሩት በደብሩ ከነበሩ የኔታ ዘንድ ነው። ከዚያም በከተማው በሚገኝ ትምህርት ቤት እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረዋል። አስተማሪዎቻቸው የሚያስታውሱት የእጅ ጽሑፋቸውን ነው። በ1956 ዓ.ም. በአሥራ ስምንት ዓመታቸው የጦር ሠራዊት አባል ሆኑ። በ1963 ዓ.ም. ከወይዘሮ የሺአረግ ደምሴ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ ወልደዋል።

በ1965 ዓ.ም. ፈንጂ የሚያነፈንፉ ውሾችን ወደሚያሠለጥነው ክፍል ተዛወሩ። የደረሳቸው ውሻ ጥቁር ቡናማ፣ አንድ ጆሮው የታጠፈ፣ የማንንም እጅ ሳያሸት የማያልፍ ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት ከወጥ ቤት የመጣለትን ገንፎ አሽትቶ እንቢ አለ። ገንፎው ሲፈተሽ የማማሰያ ስባሪ ተገኘበት። ወጥ ሠሪው ሳቀና «ጠርጥር፣ ከገንፎም ውስጥ ይገኛል ስንጥር» አለ። የውሻው ስም በዚያው ጠርጥር ሆኖ ቀረ። አምስት ዓመት አብረው ሠሩ። የጠርጥር ሥራ አንድ ነበር፤ ከመሬት በታች የተቀበረ ፈንጂ ሲሸተው አይጮህም፣ አይቆፍርም፣ ባለበት ይቀመጣል። ሲቀመጥ ሰው ሁሉ ይቆማል።

ከዚህ በኋላ የሚነበበው ሟች ራሳቸው አዘው ያስጻፉት ነው። «ሬሳዬ ላይ መልካም መልካሙን ብቻ እንዳታነቡብኝ» ብለዋል። የሻለቃ መንበሩ ጓንጉል ስምም ሳይሸፈን እንዲጻፍ አዘዋል። ሟች ስለ ሻለቃው ሲናገሩ «እሱ» ነበር የሚሉት፤ እዚህ በአንቱታ የተጻፉት ለጽሑፉ ሥርዓት ሲባል ነው።

ጥር 20 ቀን 1970 ዓ.ም.፣ በምሥራቁ ጦርነት ጊዜ፣ አስር አለቃ ክፍሉ የነበሩበት ክፍል ከቢዮ አዋሌ ወዲያ ካለ ደረቅ የአሸዋ ወንዝ ዳር ደረሰ። አዛዡ በዚያን ጊዜ ሻምበል የነበሩት መንበሩ ጓንጉል ናቸው። ከበላይ የመጣው ትእዛዝ መንገዱ እስኪፈተሽ፣ እስከ ማግሥቱ ጠዋት ድረስ፣ ማንም ወንዙን እንዳይሻገር የሚል ነበር። ሻምበሉ ግን ከወዲያ ማዶ ካለው መንደር ቀድሞ የገባ አዛዥ ለመባል ፈለጉ። አስር አለቃ ክፍሉ ጠርጥርን ይዘው ሠላሳ እርምጃ ያህል እንደሄዱ ውሻው ተቀመጠ። መልሰው ወስደው በሌላ አቅጣጫ አመጡት፤ እዚያው ደርሶ ዳግመኛ ተቀመጠ።

ሻምበሉ «ውሻህ ምን ሆነ?» አሉ።

«ፈንጂ አግኝቷል፣ ጌታዬ።»

«ፀሐይ አግኝቶት ነው። ደክሞታል።»

«ሲደክመው ይተኛል፣ ጌታዬ። ሲቀመጥ ሌላ ነው።»

«ውሻ ተቀመጠ ብሎ ሻምበል አይቀመጥም!»

ወታደሮቹ ሳቁ። የድሬ ዳዋው ልጅ ዑመር ዳሂር፣ ጨዋታ የማያልቅበት፣ ከኋላ ሆኖ «አቦ፣ እኔ ግን ከውሻው ጋር ብቀመጥ ይሻለኛል» አለ። ሳቁ ሲበረታ ሻምበሉ ፊታቸው ተለወጠ። ሽጉጣቸውን አውጥተው ጠርጥርን በተቀመጠበት ገደሉት። ቀጥለው ስድስት ወታደሮችን እየጠሩ ወደ ፊት አዘዙ፤ አንደኛው ዑመር ነበር። አስር አለቃ ክፍሉ ማሰሪያውን እንደ ያዙ ቀሩ። ስድስቱም ወንዙን ሳያጋምሱ አለቁ። የአንዱ ፈንጂ ፍንጣሪ አስር አለቃ ክፍሉን ግራ እግራቸው ላይ መታቸው።

ስማቸው ይህ ነው፦ ምክትል አስር አለቃ ነጋሽ ቱሉ፤ ወታደር ቡራሌ አብሺር፤ ወታደር ዑመር ዳሂር፤ ወታደር ክፍሌ ተሰማ፤ ወታደር አበጋዝ ይመር፤ ወታደር ሀብተ ማርያም ዘውዴ። ይህ ጽሑፍ ሲነበብ ስማቸው እንዳይዘለል አደራ ተብሏል።

ሻምበሉ አስከሬኖቹን እዚያው አሸዋ ውስጥ አስቀበሩ። ትእዛዝ መጣሳቸው እንዳይታወቅም እንዲህ ብለው ጻፉ፦ ስድስቱ ወታደሮች የጦር ውሻውን ይዘው ወደ ጠላት ከድተዋል፤ አስር አለቃ ክፍሉ ሊያስቆሟቸው ሲሞክሩ ቆስለዋል። ከመካከላቸው አንዱ ሶማሌ፣ አንዱ የድሬ ዳዋ እስላም መሆኑ ወሬው በቀላሉ እንዲታመን አደረገ። ያዩት ጥቂቶች ነበሩ። ከፊሎቹ በሚቀጥለው ወር ጦርነት አለቁ፤ የቀሩት ዝም አሉ።

የአስር አለቃ ክፍሉ እግር ከጉልበት በታች በተቆረጠ በአራተኛው ቀን ሻምበሉ ወረቀቱን ይዘው ሆስፒታል መጡ። «ፈርምና ጀግና ሁን። ካልፈረምክ ሰባተኛው ከሃዲ አንተ ነህ» አሏቸው። እጃቸው አልተቆረጠም ነበር፤ ፈረሙ። ሟች ስለዚህ ቀን ሲናገሩ ትኩሳቱንም ሕመሙንም እንደ ምክንያት አቅርበው አያውቁም። ለውለታው የሃምሳ አለቃነት ማዕረግ ተሰጥቷቸው ነበር። አንድም ቀን አልተጠሩበትም፤ እኛም አልጠራናቸውም።

ከዚያ በኋላ በስድስቱ ቤት የሆነው ይህ ነው። የከሃዲ ለቅሶ አይለቀስም ተባለ፤ ድንኳን መትከል ተከለከለ። የክፍሌ እናት ወይዘሮ ተሻለች የለበሱትን ጥቁር ልብስ ከቀበሌ የመጡ ሰዎች ደጃቸው ላይ አስወለቋቸው። የቡራሌ እናት ወይዘሮ ደሄቦ ቀፊራ ገበያ ቅመም ይሸጡ ነበር። ሰዎች እያለፉ «ልጅሽ ከሞቃዲሾ ደብዳቤ ጻፈልሽ ወይ?» ይሏቸው ነበር። ገበያውን አልለቀቁም። ቦታቸውን ከጥላው አውጥተው ፀሐይ ላይ አደረጉት፤ የሚሳደብ ሰው ከሩቅ እንዲታያቸው ነው አሉ።

በ1971 ዓ.ም. ለአስር አለቃ ክፍሉ ወንድ ልጅ ተወለደላቸው። ስሙን ቡራሌ አሉት። የንስሐ አባታቸው «ይህ ምን ስም ነው፣ ክፍሉ?» ብለው ሲጠይቋቸው «የሰው ስም ነው፣ አባ፤ የክርስትናውን እርስዎ ያውጡለት» ብለው መለሱ።

በሚቀጥለው ዓመት አስር አለቃ ክፍሉ ሻምበሉን ለመግደል ቆረጡ። አንዲት የእጅ ቦምብ በዳቦ ከረጢት ከተው፣ በክራንቻቸው ቀፊራ ድረስ ሄዱ። ከመሞታቸው በፊት ለአንድ ሰው እውነቱን ሊናገሩ ፈልገው ነበር። ወይዘሮ ደሄቦ ሚጥሚጣ እየሰፈሩ ነበር። ልጃቸው እንዴት እንደ ሞተ፣ የት እንደ ተቀበረ፣ ወረቀቱን ማን እንደ ፈረመ አንድ በአንድ ነገሯቸው። ወይዘሮ ደሄቦ ጣሳውን ከነሚጥሚጣው ወረወሩባቸው። በሟች ግንባር ላይ የነበረው ጠባሳ የጦርነት አይደለም፤ የጣሳው ነው።

ዓይናቸውን አጥበው ሲመለሱ ከረጢቱን ከፍተው አሳዩአቸው። ሟች ወይዘሮ ደሄቦን የሚጠሩት በሶማልኛ «ሆዮ» እያሉ ነበር፤ እናቴ ማለት ነው።

«ሆዮ፣ ዛሬ እጨርሰዋለሁ። መርቂኝ።»

ወይዘሮ ደሄቦ የከረጢቱን አፍ መልሰው አጠፉት። ከዚያ «አንተ ልጅ፣ ወላሂ እግርህን ብቻ አይደለም የቆረጡብህ» አሉ። «ግደለው እሺ። ነገ ባንዲራ ያለብሱታል። ጥይት ይተኩሱለታል። ስሙን በድንጋይ ይጽፉለታል፣ ልጆቹ በዓመቱ አበባ ያመጡለታል። የኔ ቡራሌ የት ተጻፈ? ለገዳዩ ሐውልት ልትሠራ ነው እንዴ የምትሄደው?»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ቅመም ሻጭ ነኝ። አንተ ነህ የፈረምከው። በፈረምክበት እጅ ፈልግ።»

አስር አለቃ ክፍሉ ቦምቡን ለጦር ሰፈሩ መልሰው አስረከቡ። ከአሥራ አምስት ቀን በኋላ፣ በደብሩ መቃብር አጠገብ የመቃብር ድንጋይ ይጠርቡ ወደነበሩ አንድ አዛውንት ሄደው ሥራ ለመኑ። የአማርኛ ፊደል በድንጋይ ላይ መቅረጽ በሁለት ዓመት ተማሩ። የዓረብኛውን ያስተማሯቸው የዑመር አባት አቶ ዳሂር ናቸው። አቶ ዳሂር እውነቱን ሲሰሙ መጀመሪያ ላይ ከፈራሚው ጋር አልቀመጥም ብለው ነበር። በኋላ ግን ሟች የጠረቡትን ድንጋይ አንሥተው እያዩ «ፊደልህ ከሰውነትህ ይሻላል» አሉና ተቀመጡ። በስምንት ዓመት ውስጥ በድሬ ዳዋ የክርስቲያኑም የእስላሙም መቃብር ላይ ከእጃቸው የወጣ ድንጋይ የሌለበት ረድፍ የለም ለማለት ይቻላል። ትእዛዝ ሲቀበሉ የሟቹን ስም ሦስት ጊዜ ያስጠሩ ነበር። ስም መሳት ይፈሩ ነበር።

በእነዚህ ዓመታት ሁሉ ስለ ጥር 20 ለስድስቱ ቤተሰቦች ብቻ ነገሩ እንጂ በአደባባይ አንዲት ቃል አልተናገሩም። ሻለቃነት የደረሱት መንበሩ ጓንጉልም የዝምታቸውን ምክንያት ፍርሃት ነው ብለው አመኑ። በ1980 ዓ.ም. የምሥራቁ ጦርነት ድል አሥረኛ ዓመት ሊከበር ሲል ሻለቃው የበዓሉ ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆኑ። በአንድ አደባባይ የመታሰቢያ ድንጋይ እንዲቆም ተወሰነ። ሻለቃው አስር አለቃ ክፍሉን ቢሮአቸው አስጠሯቸው።

«አንተ የራሳችን ሰው ነህ። አፍህን የምትጠብቅ ሰው ነህ» አሏቸው። «ይህን ሥራ ለሌላ አልሰጥም።»

«ጥሩ ድንጋይ እመርጣለሁ፣ ጌታዬ።»

የተሰጣቸው ጽሑፍ «በሻለቃ መንበሩ ጓንጉል ቆራጥ አመራር» በሚል የሚጀምር ነበር። አስር አለቃ ክፍሉ ይህንኑ አንዲት ፊደል ሳይጥሉ ጠረቡት። ኮሚቴው መጥቶ አየው፤ ወደደው። ድንጋዩ በቦታው ቆመ፤ በቀይ ጨርቅ ተሸፈነ፤ ዘበኛ ተመደበለት። እቤታቸው ግን ልኩ ከዚያ አንድ ጣት የማይበልጥ የማያንስ ሌላ ድንጋይ ከጆንያ ሥር ነበር። ወይዘሮ የሺአረግ ሦስት ወር ሙሉ ልብስ ሲያሰጡበት ከርመዋል።

ከበዓሉ በፊት በነበረው ቀን፣ ሰባት ሰዓት ላይ፣ ድሬ ዳዋ እንደ ልማዷ በሙቀቱ ሱቋን ዘግታ በተኛችበት ሰዓት፣ ዘበኛው ጫቱን ይዞ ወደ በርጫው ሄደ። አቶ ዳሂር በጋሪ ድንጋዩን አመጡ። አስር አለቃ ክፍሉ በእንጨት እግራቸው ተንበርክከው የበፊቱን አወለቁ፤ ወይዘሮ የሺአረግ ውኃ ልኩን ያዙ። አሥር ሰዓት ሳይሞላ አዲሱ ቆሞ፣ ቀይ ጨርቁ ተመልሶ፣ የሻለቃው ስም ያለበት ድንጋይ በጋሪው ላይ ወደ ቀፊራ እየሄደ ነበር። ወይዘሮ ደሄቦ እስከ ዛሬ በርበሬ የሚያሰጡት በዚያ ላይ ነው፤ ጽሑፉ ወደ ላይ ነው።

በማግሥቱ አስር አለቃ ክፍሉ ለስድስቱ ቤተሰቦች «ጥቁራችሁን ከነጠላ ሥር ለብሳችሁ ኑ» ብለው ብቻ ላኩባቸው። ሌላ አልነገሯቸውም። ከአዲስ አበባ የመጡት የክብር እንግዳ ገመዱን ሳቡ፤ ጨርቁ ወደቀ። ድንጋዩ ላይ ስድስት ስሞች ከነአባታቸው፣ ከስሞቹ በታች «ጠርጥር»፣ ከዚያም «ጥር 20 ቀን 1970፣ ትእዛዝ አክብረው የሞቱ» የሚል ተጽፎ ነበር። ሻለቃው ከእንግዳው ጎን ቆመዋል። እንግዳው መነጽራቸውን አድርገው ስሞቹን በድምፅ ማጉያው አንድ በአንድ አነበቡ። ሰባተኛው ላይ ሲደርሱ ቆም አሉ።

«ጠርጥር... የአባቱ ስም አልተጻፈም እንዴ?»

 አስር አለቃ ክፍሉ ከሠራተኞቹ መካከል ሆነው «አባቱ አይታወቅም፣ ጌታዬ» አሉ።

እንግዳው ራሳቸውን ነቀነቁ። ወላጅ አልባ ወታደር መስሏቸው ልባቸው ተነካ። ባርኔጣቸውን አወለቁና «ለእነዚህ ሰባት ሰማዕታት የአንድ ደቂቃ የሕሊና ጸሎት» አሉ። አደባባዩ ሁሉ ባርኔጣውን አወለቀ። ሻለቃ መንበሩ ጓንጉልም አወለቁ። ከሃዲዎች ብለው ለጻፉባቸው ሰዎች፣ በእጃቸው ለገደሉትም ውሻ፣ በሕዝብ ፊት ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ቆሙ። አስር አለቃ ክፍሉ ሰዓታቸውን ይዘው ነበር። አንድ ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ ሆነ። ከሕይወቴ ሁሉ የጣፈጠኝ ያ ሃያ ሰከንድ ነው ይሉ ነበር።

ጸሎቱ እንዳበቃ ወይዘሮ ተሻለች ነጠላቸውን ከላያቸው ጣሉ። ጥቁራቸው ታየ።

«ከዳ ያሉት ልጄ ከድንጋይ ላይ ወጣ፣
ያስገደለው የታል? ከፊት ለፊት ይምጣ!»

የስድስቱም ቤት ሴቶች ተከተሏቸው። አሥር ዓመት የተከለከለ ለቅሶ በአንድ ጊዜ ወጣ። ሻለቃው ወደ ጠባቂዎቹ ዞረው «አስወጧቸው» ሲሉ እንግዳው ሰሙ። «ተዋቸው እንጂ፣ እናቶች አይደሉም እንዴ?» አሏቸው። ሻለቃው ቆመው ሰሙ።

በቀድሞ ሥርዓት ጀግና ሲሞት ፈረሱ ተጭኖ፣ ባዶ ኮርቻውን ይዞ በለቃሾች ፊት ይመራል። እነዚህ ወታደሮች ፈረስ አልነበራቸውም። አስር አለቃ ክፍሉ ከኪሳቸው የጠርጥርን ማሰሪያ አወጡ፤ ባዶውን የአንገት ማሰሪያ መሬት ለመሬት እየጎተቱ በድንጋዩ ዙሪያ ሦስት ጊዜ አነከሱ። አንድ ሽማግሌ «ኧረ ነውር ነው! ለውሻም ሙሾ ይወረድ ጀመር?» አሏቸው።

«ከሁላችንም መካከል እውነቱን የተናገረው እሱ ብቻ ነው፣ አባቴ» አሏቸው። «እኔ ሰው ሆኜ ፈረምኩ።»

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ታሰሩ። አምስት ወር ታሰሩ። ሆኖም ነገሩ ወደ ኋላ የማይመለስ ሆኖ ነበር። ስድስቱ ከሃዲዎች ናቸው ከተባለ የክብር እንግዳው ለከሃዲ ጸሎት አድርሰዋል ማለት ነው፤ ሰማዕታት ናቸው ከተባለ ሻለቃው ዋሽተዋል። ከሁለቱ አንዱ መዋረድ ነበረበት፤ ከአዲስ አበባ የመጡት እንዲዋረዱ ማንም አልደፈረም። ምርመራ ተከፈተ፤ አስር አለቃ ክፍሉ ከእስር ቤት ሆነው የራሳቸውን የሐሰት ፊርማ መሰከሩ፤ የአሸዋው ወንዝ ተቆፈረ። የስድስት ሰውና የአንድ ውሻ አጽም ተገኘ። የውሻው የራስ ቅል ላይ የሽጉጥ ጥይት ቀዳዳ ነበረበት። ሻለቃው ከሥራቸው ተነሥተው ያለ ክብር ቤታቸው ገቡ። አራቱ በደብሩ፣ ሁለቱ በእስላም መቃብር ተቀበሩ። ጠርጥር በአሸዋው ወንዝ ዳር ተቀበረ፤ ድንጋዩ ላይ «ጠርጥር። ተቀመጠ።» ተብሎ ተጽፏል። በዚያ የሚያልፉ ወታደሮች እስከ ዛሬ ጠጠር ያኖሩበታል፤ የመኪና ሹፌሮችም ጥሩንባ ይነፋሉ።

አስር አለቃ ክፍሉ ይህ በቃኝ አላሉም። ከ1981 ዓ.ም. ጀምሮ በየዓመቱ ጥር 20 ቀን ከስድስቱ ቤተሰቦች ጋር ሆነው ወደ ሻለቃው ቤት ይሄዱ ነበር። ድንጋይ አይወረውሩም፤ አይሳደቡም። በራፉ ላይ መሬት ላይ ተቀምጠው አንድ ሰዓት ይቆያሉ። በመጀመሪያው ዓመት ሻለቃው መስኮት ከፍተው «ምን ትፈልጋላችሁ?» አሉ።

ወይዘሮ ደሄቦ «ምንም፤ ተቀምጠናል» አሉ።

መስኮቱ ተዘጋ። በሁለተኛው ዓመት የሰፈሩ ሰው አብሮ ተቀመጠ። በሦስተኛው፣ ይኸውም ባለፈው ጥር፣ መንገዱ ሞልቶ መኪና ማለፍ አልቻለም።

አስር አለቃ ክፍሉ በድንጋይ ብናኝ ሳንባቸው ታምሞ ካለፈው ኅዳር ጀምሮ በሕክምና ሲረዱ ቆይተዋል። በመጋቢት ወር ከሻለቃው የተላኩ ሦስት ሽማግሌዎች ወደ አልጋቸው መጥተው «ይቅር ለእግዚአብሔር በል፤ ሰው ነህ፣ ሟች ነህ» ብለው ለመኗቸው። ሟች «ስድስት በር አለ» ብለው መለሱላቸው። «ስድስቱን አንኳኩቶ ይጨርስ፤ ሰባተኛው እኔ ነኝ፤ ተኝቼ እጠብቀዋለሁ።» ሽማግሌዎቹ ቃሉን አደረሱ። አንድም በር አልተንኳኳም። የንስሐ አባታቸው በዚህ አዝነውባቸዋል፤ አስር አለቃ ክፍሉም ይህንኑ አውቀው፣ ቃላቸውን ሳይለውጡ፣ ሚያዝያ 7 ቀን 1983 ዓ.ም. በተወለዱ በአርባ አምስት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለዩ።

ባለቤታቸውን ወይዘሮ የሺአረግ ደምሴን፣ ልጆቻቸውን ሸዋገነትን፣ ትርሲትንና ቡራሌን፣ እንዲሁም እንደ እናት ያዩአቸውን ወይዘሮ ደሄቦንና ወይዘሮ ተሻለችን፣ አቶ ዳሂርንም ትተው ሄደዋል። ስም የማይፋቅበት መዝገብ ያለው አምላክ የአስር አለቃ ክፍሉን ስም ከስድስቱ ስሞች አጠገብ ያኑርልን፤ የደከመች ነፍሳቸውን ያሳርፍ፤ ለቀረነው ደግሞ እሳቸው የጸኑበትን ይስጠን።

ትናንት ከቀትር በኋላ ሻለቃ መንበሩ ጓንጉል ወደ ለቅሶው ድንኳን መጥተው፣ ዛሬ አስከሬኑን ከሚሸከሙት አንዱ ለመሆን የእድሩን ዳኛ ጠየቁ። ዳኛው ወይዘሮ የሺአረግን ጠየቁ። ወይዘሮ የሺአረግም ስድስቱን ቤተሰቦች አንድ በአንድ ጠየቁ። ስድስቱም እንቢ አሉ። ሻለቃው ጃንጥላቸውን ይዘው ወጡ፤ አስከሬኑን የስድስቱ ወታደሮች ወንድሞች ተሸክመውታል።